ስለ ኤቢ ታቸርና ስለ መካርነት ልማድ አጀማመር

በመጠጥ ባርነት ሲማቅቁ ኖረው በኋላ ነጻ በወጡ ሰዎች መካከል፥ ይልቁንም አልኮሆሊክስ አኖኒመስ በሚባለውና አባላቱ የአባታቸውን ስም ትተው በራሳቸው ስም ብቻ በሚጠራሩበት ማኅበር ውስጥ፥ ከሌላው ሥርዐት ሁሉ ይልቅ የሚወደድ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም ትናንት ከመሸታ ቤት የወጣው አዲስ ሰው፥ ከእርሱ አስቀድሞ መጠጥን ከተወ ከአንድ ሰው ጋር ተጣምሮ፥ የልቡን ኀዘን፥ ያለፈ በደሉን፥ እንቅልፍ ያጣበትን የሌሊቱን ፈተና ሳይቀር ለእርሱ እየገለጠ፥ ያም ሰው ደመወዝ ሳይቀበል፥ ሹመትም ሳይኖረው፥ እርሱ ራሱ በሄደበት መንገድ እየመራ የሚወስደው መሆኑ ነው። ይህን ሰው ስፖንሰር ይሉታል፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ መካር እያልሁ እጠራዋለሁ። ያገራችን ሰው ይህን ሲሰማ የንስሐ አባቱን ቢያስብ አያስደንቅም፤ ዳሩ ግን የንስሐ አባት በክህነቱ በተቀበለው ሥልጣን የሚያስርና የሚፈታ ሲሆን፥ ይህ መካር ከራሱ ውድቀትና ከራሱ መነሣት በቀር ሌላ ሥልጣን የለውም።

ልማዱ ዛሬ በብዙ አገርና በብዙ ቋንቋ የተስፋፋ ስለ ሆነ፥ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስላል። መነሻው ግን የታወቀ ነው፤ ቤቱ፥ ወሩ፥ ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት የተቀመጡበት ገበታ ሳይቀር ይታወቃል። የመጀመሪያውም መካር፥ ሰው እንደሚጠብቀው፥ በመንፈስ የጸና፥ በትዕግሥት የተፈተነ፥ ከድል ወደ ድል የተሻገረ ጀግና አልነበረም። ሌላውን አድኖ እርሱ ራሱ ደጋግሞ የወደቀ ሰው ነበረ። ስሙ ኤድዊን ታቸር ሲሆን ወዳጆቹ ኤቢ ይሉት ነበር። እኔም ስለዚህ ሰው ለመጻፍ የተነሣሁት፥ ታሪክ የድል አድራጊዎችን ስም አጕልቶ እየጻፈ ለድል ያበቋቸውን ደካሞች በኅዳግ ላይ መተዉ እጅግ ስለሚያሳዝነኝ ነው። ዓመታቱንና ወራቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጠጪ ጠጪን ይረዳል የሚለው አሳብ ከኤቢ በፊትም ፈጽሞ ያልታወቀ አልነበረም። በ1840 በባልቲሞር ከተማ፥ በአንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው ይጠጡ የነበሩ 6 ሰዎች መጠጥን እንተዋለን ብለው ቃል ኪዳን ገብተው፥ ማኅበራቸውን በጆርጅ ዋሽንግተን ስም ሰይመው፥ እያንዳንዱ አባል ሌላ ጠጪ ይዞ እንዲመጣ ደንግገው ነበር፤ ያም ማኅበር በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ብዙ ሕዝብ ከሰበሰበ በኋላ፥ በመጠጥ ሕግና በፖለቲካ ክርክር ተከፋፍሎ በተነሣበት ፍጥነት ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ አሜሪካኖች ምክር ያልፈጸመውን በሕግ ኀይል ለመፈጸም አስበው፥ ከ1920 እስከ 1933 ድረስ መጠጥ መሥራትንም መሸጥንም በሕገ መንግሥታቸው ከለከሉ። ሕጉ በዲሴምበር 1933 ሲሻር፥ የዐዋጁ ዘመን ያላዳናቸው ጠጪዎች እንደ ነበሩ ነበሩ፤ ሐኪሙም ቄሱም ዳኛውም ምን እንደሚያደርጉላቸው አያውቁም ነበር። የኤቢ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ኤቢ የተወለደው በ1896 የኒው ዮርክ ግዛት መዲና በሆነችው በኦልባኒ ነው። ቤተ ሰቡ ለባቡር ሠረገላ የሚሆን የብረት መንኰራኵር በማሠራት የበለጸገ፥ በከተማይቱም አስተዳደር ስሙ የገነነ ነበረ፤ አያቱ የኦልባኒ ከንቲባ ነበሩ፥ ወንድሙም ጆን ቦይድ ታቸር ከ1926 እስከ 1940 በዚያው ወንበር ተቀምጧል። ቤተ ሰቡ በጋውን በቬርሞንት ግዛት በምትገኘው በማንቸስተር ያሳልፍ ስለ ነበር፥ ኤቢ ገና በወጣትነቱ የዚያው አካባቢ ተወላጅ ከሆነው ከቢል ዊልሰን ጋር ተዋወቀ። ይህ ቢል ዊልሰን የኋላ ኋላ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ብዙ ገንዘብ ያገኘ፥ ያንንም በ1929ኙ የገበያ ውድቀትና በመጠጥ ያጣ ሰው ነው።

ሁለቱን ያፋቀራቸው መጠጥ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። በጃንዋሪ 1929 ሌሊቱን በኦልባኒ ሲጠጡ ካደሩ በኋላ፥ አንድ አውሮፕላን ከነነጂው ተከራይተው ወደ ማንቸስተር ለመብረር ቈረጡ፤ ማንቸስተርም አዲስ የአውሮፕላን ማረፊያ አዘጋጅታ ገና አንድም አውሮፕላን ያላረፈባት ነበረችና፥ የከተማይቱ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ለመቀበል የሙዚቃ ጓድ አሰልፈው በሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። አውሮፕላኑ ባረፈ ጊዜ ግን እንግዶቹ በእግራቸው መቆም ተስኗቸው ከበሩ ወደ መሬት ወደቁ፤ በማግሥቱም ለከተማው ሰዎች የይቅርታ ደብዳቤ ሲጽፉ ዋሉ። ይህ ታሪክ በማኅበሩ ስብሰባ ሲነገር ሰው ይሥቃል። እኔ ግን ሁለቱ ወዳጆች በዚያን ቀን አንዱ ለሌላው ከጽዋና ከኀፍረት በቀር የሚሰጠው ነገር እንዳልነበረው ሳስብ፥ ስድስት ዓመት ሳይሞላ ከሆነው ጋር እያስተያየሁ እገረማለሁ።

በ1934 ኤቢ ከኦልባኒ ሰው ዐይን ርቆ በማንቸስተር ይኖር ነበር። ስካሩ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየባሰ ሄዶ፥ አንድ ቀን መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ከሰው ቤት ግድግዳ ጋር አጋጭቶ፥ ግድግዳው ወደ ውስጥ በተደፋበት ማድ ቤት የነበረችውን የደነገጠች ሴት አንድ ሲኒ ቡና እንድትሰጠው ለመናት። ሌላ ጊዜም የቤተ ሰቡን ቤት ቀለም ሲቀባ፥ ርግቦች ትኵሱን ቀለም ቢያቆሽሹበት ጠመንጃ አንሥቶ ተኰሰባቸው፤ ጎረቤቶቹም ከሰሱት። በመጨረሻ ቤኒንግተን ከሚገኘው ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜ፥ ዳኛው በልማደኛ ሰካራምነቱ ወደ አእምሮ ሕሙማን ቤት ሊልከው ተቃርቦ ነበር።

እዚህ ላይ ከታሪኩ ሁሉ አንዲት ትንሽ ነገር አለች፤ ኤቢ ራሱ በኋላ ዘመን የተረካት ናት። ዳኛው ሰኞ ዕለት አፉን ሳያረጥብ እንዲቀርብ አስጠንቅቆ ለጊዜው ወደ ቤቱ ለቀቀው። ኤቢም ብቻውን ቤቱ በገባ ጊዜ፥ በምድር ቤቱ ያስቀመጣቸው የቢራ ጠርሙሶች እንዳሉ ትዝ አሉት። ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ፥ ጥሙ እያቃጠለው፥ ጠርሙሶቹን ሊያወጣ ወደ ታች ወረደ። ጠርሙሶቹ በእጁ ሳሉ ግን ለዳኛው የሰጠው ቃል መጣበት፤ ይህን ብጠጣ ሰውዬውን ማታለሌ ነው አለ። በዚያ ፈንታ ጠርሙሶቹን ለቃቅሞ ወስዶ ለጎረቤቱ ሰጠ። በጽሞና የሚያይ ሰው ቢኖር ኖሮ፥ አንድ የተሰበረ ሰው ጠርሙስ ታቅፎ ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ ከማየት በቀር ምንም ባላስተዋለ ነበር። እኔ ግን ዛሬ በየአገሩ ያለው ያ ሁሉ ማኅበር ከዚያች ከአጥር እስከ አጥር ከነበረች መንገድ የተነሣ ይመስለኛል።

ሰኞ ዕለት ለኤቢ ዋስ የሆነለት ሮላንድ ሃዘርድ የሚባል ሰው ነበር። ሮላንድ በሮድ አይላንድ ግዛት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከነበረው ከታላቅ ቤተ ሰብ የተወለደ ሲሆን፥ መጠጥ ቢያሸንፈው አትላንቲክን ተሻግሮ ወደ ስዊስ አገር ሄዶ በስመ ጥሩው ሐኪም በካርል ዩንግ ዘንድ ታክሞ ነበር። ዩንግም በስተመጨረሻ፥ ሕክምና ለእንዲህ ያለው ሕሙም የሚያደርገው ነገር እንደሌለና፥ የቀረው ተስፋ ሰውን ከሥሩ የሚለውጥ የመንፈስ ልደት ብቻ እንደ ሆነ ሳይደብቁ ነገሩት። አንድ ሐኪም የጥበቡን ወሰን በእንዲህ ያለ ትሕትና ለሕሙሙ መግለጡ እጅግ የሚያስመሰግን ነገር ነው። ሮላንድም ያን ተስፋ ሲፈልግ በኦክስፎርድ ግሩፕ ዘንድ አገኘው፤ ይህም ፍራንክ ቡክማን በሚባል አሜሪካዊ የሉተራን ቄስ የተመሠረተ፥ አባላቱ በደላቸውን አንዱ ለሌላው የሚናዘዙበት፥ የበደሉትን የሚክሱበት፥ በጽሞና የሚጸልዩበት የክርስቲያኖች ጉባኤ ነበር። ሮላንድና ሁለት ጓደኞቹ ኤቢን ቀድሞም ጐብኝተውት ነበር፤ አሁን ደግሞ ከፍርድ ቤት ተቀብለው ወደ ኒው ዮርክ ከተማ ወሰዱት፤ በዚያም ቄስ ሳሙኤል ሹሜከር በሚያስተዳድሩት በካልቫሪ ቤተ ክርስቲያን ሥር በነበረው የድኾች መጠለያ አደረ። በዚያ ሳለ፥ ያ የቀድሞ የመጠጥ ጓደኛው ቢል በብሩክሊን ለሞት ቀርቦ እየጠጣ መሆኑን ሰማ።

በኖቬምበር 1934 መገባደጃ ኤቢ በክሊንተን መንገድ ቍጥር 182 ወደሚገኘው ቤት መጣ። የቢል ባለቤት ሎይስ በሱቅ ሠራተኛነት ተቀጥራ ባሏን የምታስተዳድር ስለ ነበረች በዚያን ሰዓት ከቤት አልነበረችም። ቢልም የቀድሞ ጓደኛው መምጣቱ አስደስቶት፥ የዛሬውንስ ከሰው ጋር እጠጣለሁ ብሎ፥ ጂን ከአናናስ ጭማቂ ጋር ቀላቅሎ በማድ ቤቱ ገበታ ላይ አቀረበ። ኤቢ ብርጭቆውን ገፋው። ቢልም ፊቱን አተኵሮ ቢያየው፥ ዐይኑ የጠራ፥ ቆዳው የታደሰ፥ አንዳች ያልታወቀ ሰላም ያደረበት ሆኖ አገኘው። ምን እንደ ደረሰበት ቢጠይቀው፥ ሃይማኖት እንዳገኘ ነገረው። ቢል ከሃይማኖት ጋር ጠብ ያለው ሰው ነበርና ልቡ ቀዘቀዘ፤ ያብድ የነበረው ጓደኛዬ አሁን ደግሞ በሌላ አብዷል ብሎ አሰበ፤ ጂኑ ግን ከስብከቱ ይረዝማልና ይናገር ብሎ ተወው።

ኤቢ ግን አልሰበከም። የማኅበሩ ታሪክ ጸሓፊዎች ብዙ ጊዜ በፍጥነት የሚያልፉትን ይህን ነገር እኔ ላልፈው አልችልም። አንተ እንዲህ ነህ፥ አንተ እንዲህ አድርግ አላለውም፤ እኔ እንዲህ ነበርሁ፥ እንዲህ ያሉ ሰዎች መጡልኝ፥ እንዲህ አደረግሁ አለው እንጂ። መሸነፉን እንዴት እንዳመነ፥ በደሉን ቈጥሮ ለሌላ ሰው እንዴት እንደ ተናዘዘ፥ የበደላቸውን ለመካስ እንዴት እንደ ጀመረ፥ ዋጋ ሳይሻ ሌላውን ለመርዳት እንዴት እንደ ተነሣ ነገረው። ቢል በእግዚአብሔር ስም በተከራከረ ጊዜም፥ አንተ ራስህ ልትረዳው በምትችለው መጠን እግዚአብሔርን ለምን አትፈልገውም አለው። የወንድሙን ደጅ በኀይል ሳይሰብር፥ ከወንድሙ በላይም ሳይቀመጥ፥ ከአንድ ገበታ ላይ ሆኖ መሰከረ። ዛሬ መካር የሚባለው ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሲመከርም የሚመከረው ይህንኑ ነው።

ቢል ወዲያው አልተወም። ጥቂት ቀናት ጠጣ፤ አንድ ቀንም ሰክሮ ወደ ካልቫሪ መጠለያ ሄደ። በዲሴምበር 11 ቀን ግን ቀድሞም ወደ ተኛበት ወደ ታውንስ ሆስፒታል ገባ፤ በዚያም ሐኪሙ ዊሊያም ሲልክወርዝ፥ ይህ ነገር የጠባይ ብልሹነት ሳይሆን ደዌ መሆኑን፥ ሰውነቱ መጠጥን የማይቀበል፥ አእምሮው ደግሞ ከመጠጥ የማይላቀቅ መሆኑን አስቀድመው ያስረዱት ሰው ነበሩ። ኤቢ እዚያም መጥቶ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠ፤ በማድ ቤት የነገረውንም ደገመለት። እርሱ ከሄደ በኋላ ቢል ባዶነቱ ተሰምቶት ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፥ ክፍሉም በብርሃን የተሞላ ሆኖ ታየው። ከዚያች ቀን ወዲህ ያለው የቢል ታሪክ ዓለም ያወቀው ነው፤ ኤቢም ለጊዜው ከቢልና ከሎይስ ጋር በዚያው ቤት አብሮ ኖረ።

ቢል ለብዙ ወራት ያገኘውን ሰካራም ሁሉ ሊያድን ሞከረ፥ አንድም አልተሳካለትም፤ ሐኪሙ ሲልክወርዝ ስብከቱን ትቶ ስለ ደዌው አስቀድሞ እንዲናገር መከሩት። በሜይ 1935 ለንግድ ጉዳይ ወደ ኦሃዮ፥ ወደ አክሮን ከተማ ሄዶ ጉዳዩ ሲከሽፍበት፥ በሜይፍላወር ሆቴል አዳራሽ ቆሞ፥ በአንድ በኩል የመጠጥ ቤቱ ሣቅ እየሰማ፥ በሌላው በኩል የአብያተ ክርስቲያናትን ስልክ ቍጥር እያየ፥ ሊረዳው የሚችል ሌላ ሰካራም ካላገኘ እርሱ ራሱ እንደሚጠፋ ተረዳ። ስልኩን አንሥቶ ደወለ። በማግሥቱ ሄንሪየታ ሳይበርሊንግ በምትባል ሴት ቤት እንደ እርሱ ጠጪ ከነበሩት ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኘ፤ ዶክተሩ ለ15 ደቂቃ ያህል ብቻ ለመቀመጥ መጥተው ከ6 ሰዓት በላይ ተቀመጡ። ዶክተር ቦብ የመጨረሻውን መጠጥ የጠጡበት ጁን 10 ቀን 1935 የማኅበሩ ልደት ሆኖ ይታሰባል። ቢል በዚያ ቤት ያደረገው ኤቢ በብሩክሊን ያደረገለትን ነው፤ ይኸውም ሰውየውን ለማዳን ሳይሆን ራሱ እንዲድን ታሪኩን ነገረ። ጥቂት ሳምንታት ቈይተው ሁለቱ አብረው በአክሮን ሲቲ ሆስፒታል ወደ ተኛ አንድ የሕግ ዐዋቂ ሄደው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ፤ እርሱም ሦስተኛው ሆነ።

ልማዱ ሥርዐት የያዘው በዚሁ በአክሮን ሲሆን፥ ለዚህም የአንዲት መነኵሲት ሥራ ሊጠቀስ ይገባዋል። እኅት ኢግናሺያ በአየርላንድ የተወለዱ፥ የሙዚቃ መምህርት የነበሩ፥ ከድካም የተነሣ ታመው ማስተማር ከተዉ በኋላ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የሕሙማን መዝጋቢ የሆኑ ሴት ናቸው። በኦገስት 1939 ዶክተር ቦብ አንድ ሰካራም ይዘው በመጡ ጊዜ፥ በዚያን ዘመን ሆስፒታል ሰካራምን አይቀበልም ነበርና፥ እኅት ኢግናሺያ ሰውየውን በሌላ ደዌ ስም መዝግበው፥ አልጋውን ለሕሙማን የሚመጣ አበባ ወደሚዘጋጅባት ክፍል አስገቡት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አብረው ያስታመሟቸው ጠጪዎች 5,000 ያህል ደርሰዋል። ሕሙሙ ለ5 ቀናት ይተኛ ነበር፤ ይዞት የሚመጣው ግን መካሩ ነበር፥ መካር የሌለውም አይገባም ነበር። የሚጐበኙትም የማኅበሩ አባላት ብቻ ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ እየተፈራረቁ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው እያንዳንዱ የራሱን ታሪክ ይነግረዋል። ሲወጣም እኅት ኢግናሺያ የቅዱስ ልብ ምስል ያለባትን ትንሽ ምልክት ይሰጡትና፥ መጠጥ ልትጠጣ የፈለግህ ቀን አስቀድመህ ይህችን መልስልኝ ብለው ያስምሉት ነበር። እኔ ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፤ በመከራ ቀን ከጠርሙሱ አስቀድሞ ፊታቸው የሚቆምበትን ሰው ለሕሙሙ እየሰጡት ነበርና።

በክሊቭላንድ ደግሞ ልማዱ ብዛትን መሸከም ተማረ። በ1939 መጸው ፕሌን ዲለር የተባለው ጋዜጣ ስለ ማኅበሩ ተከታታይ ጽሑፍ ባወጣ ጊዜ፥ ጥቂት የነበሩት አባላት የስልክ ጥሪና ደብዳቤ ስለ በዛባቸው፥ መጠጥ ከተወ ገና ጥቂት ሳምንት የሆነው ሰው ሳይቀር ለሌላው መካር እንዲሆን ግድ ሆነ። ብዙዎቹ ይህ አይሆንም፥ ዕውር ዕውርን ይመራል ብለው ፈርተው ነበር። ፍርሃታቸው ከንቱ ሆነ፤ አዲሱ መካር ሌላውን ሲይዝ ራሱ ይጸና ነበር። ማርች 1 ቀን 1941 ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት የተባለው መጽሔት የጃክ አሌክሳንደርን ጽሑፍ ሲያወጣ 2,000 ያህል የነበሩት አባላት፥ ዓመቱ ሲያልቅ 8,000 ሆነዋል፤ ከዚያ ወዲህ ቍጥሩን መከታተል ለጽሑፌ አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኤቢ የት ነበር? በ1937፥ መጠጥ ከተወ 2 ዓመት ከመንፈቅ ካለፈው በኋላ፥ ዳግመኛ ጠጣ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት እየወደቀ እየተነሣ ኖረ፤ ሥራ እያገኘ ያጣል፥ ወደ ሆስፒታል ይገባል፥ ከሆስፒታል ይወጣል፥ አንዳንዴም በቢልና በሎይስ ቤት ይጠለላል። በኤፕሪል 1939 የታተመው የማኅበሩ መጽሐፍ በመጀመሪያው ምዕራፉ፥ በማድ ቤት ገበታ ላይ የተቀመጠውን ወዳጅ ስሙን ሳይጠራ ለዓለም ሁሉ ሲያስተዋውቀው፥ ያ ወዳጅ ግን ከመጽሐፉ ውስጥ የተነገረለትን ሰላም ራሱ አጥቶ ነበር። በአባላቱ መካከልም ይህ ነገር የሚያሳፍራቸው አልጠፉም፤ የማኅበሩ ምንጭ የሆነው ሰው ሰካራም መሆኑ ጠላት የሚያነሣው ነገር መሰላቸው።

ቢል ግን አላፈረም። ኤቢ በወደቀም ጊዜ፥ በተነሣም ጊዜ፥ በአደባባይም በደብዳቤም መካሬ ብሎ ይጠራው ነበር፤ አንድ ጊዜም ስንኳ ቀድሞ መካሬ የነበረ ብሎ አልጠራውም። ብዙዎች ይህን የወዳጅነት ርኅራኄ ብቻ አድርገው ይቈጥሩታል። በእኔ አስተያየት ግን ከርኅራኄ ያለፈ፥ የማኅበሩ ሥርዐት ራሱ የተተከለበት ነገር ነው። መልእክቱ የመልእክተኛው ሀብት ቢሆን ኖሮ፥ መልእክተኛው ሲወድቅ መልእክቱም ይወድቅ ነበር፤ ኤቢ ሲጠጣ ቢልም መጠጣት፥ ዶክተር ቦብም መጠጣት፥ በአክሮን አበባ ክፍል የተኛውም መጠጣት ነበረበት። እንዲህ አልሆነም። ከሮላንድ ወደ ኤቢ፥ ከኤቢ ወደ ቢል የተላለፈው ነገር በመካከላቸው አለፈ እንጂ የማንኛቸውም አልነበረም። ስለዚህ መካሩን ማክበርና በመካሩ ላይ መደገፍ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ማኅበሩ በኤቢ ሕይወት ተማረ፤ ዛሬ መካሩ የወደቀበት ሰው፥ ሌላ መካር ፈልግ፥ ያንንም አትርሳው ተብሎ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። በትምህርት ቤትም፥ በቤተ ክህነትም፥ በመንግሥት ሥራም መምህሩ ሲሰናከል ወይ ትምህርቱን አብሮ የሚጥል፥ ወይ መምህሩን የሚክድ ደቀ መዝሙር ብዙ ነው፤ ሁለቱንም ያላደረገ ሰው ማየት የሚያስደንቅ ነው።

ቢል ባለ ዕዳ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነበር። በጃንዋሪ 1961 ለካርል ዩንግ ደብዳቤ ጽፎ፥ እርሳቸው ለሮላንድ የተናገሩት ቃል እንዴት አድርጎ በኤቢ በኩል ለእርሱ እንደ ደረሰና ከዚያም ማኅበር እንደ ወጣ ገለጠላቸው፤ ዩንግም በሳምንቱ መለሱለት፥ በዚያውም ዓመት በጁን ወር ዐረፉ። ለኤቢ ግን ውለታውን በደብዳቤ ብቻ የሚከፍል አልነበረም፤ በመኖሪያውም በመታከሚያውም ይረዳው ነበር። በ1953 ኤቢ በቴክሳስ በዳላስ ከተማ የማኅበሩ አባል ወዳቋቋመው የሕክምና ቤት ሄዶ፥ በዚያ አገር ብዙ ዓመታት በመታቀብ ኖረ፤ በጁላይ 1955 ማኅበሩ 20ኛ ዓመቱን በሴንት ሉዊስ ሲያከብርም ከቴክሳስ መጥቶ ከተሰበሰቡት መካከል ተገኘ። በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በተሰበሰቡበት በዚያ አዳራሽ፥ የመካሮቻቸው መካር፥ የመካሮቻቸውም መካር መካር የሆነው ሰው መካከላቸው እንዳለ ሲያውቁ ምን እንደ ተሰማቸው መገመት አያዳግትም።

ከቴክሳስ ወደ ሰሜን ከተመለሰ በኋላ ዳግመኛ ወደቀ፤ ጤናውም ተናጋ። በ1964 በኒው ዮርክ ግዛት ከቦልስተን ስፓ ከተማ አጠገብ በገጠር ወደሚገኝ፥ ባልና ሚስት ሆነው ጠጪዎችን ወደሚያስታምሙበት ቤት ተወሰደ። እዚያም የመጨረሻ ዘመኑን በእርሻ መካከል፥ ሳንባው እየደከመ፥ መጠጥ ሳይጠጣ፥ ከሰው ጋር በፍቅር ኖረ። ማርች 21 ቀን 1966 በቦልስተን ስፓ ሆስፒታል ዐረፈ፤ ከ11 ቀን በኋላም፥ ኤፕሪል 1 ቀን፥ እኅት ኢግናሺያ ዐረፉ። ኤቢ በኦልባኒ ከወላጆቹና ከዘመዶቹ ጋር ተቀበረ።

ቢል በቀብሩ ላይ ተገኘ። በጁን ወርም በማኅበሩ መጽሔት በግሬፕቫይን የወዳጁን መታሰቢያ ጻፈ፤ በዚያም የኤቢን ውድቀት ሳይሸሽግ፥ ለእርሱና ከእርሱ በኋላ ለመጡት ሁሉ በሩን የከፈተ ኤቢ መሆኑን መሰከረ። ከዚያ ወዲህ ቢል 5 ዓመት ያህል ኖሮ ጃንዋሪ 24 ቀን 1971 በማያሚ ዐረፈ፤ ኤቢ ወደ ታውንስ ሆስፒታል መጥቶ ከአልጋው አጠገብ ከተቀመጠበት ወር ጀምሮ እስከዚያች ቀን ድረስ፥ 36 ዓመት ሙሉ፥ መጠጥ አልቀመሰም።